ጣራው ይቅደም ወይስ ኢንሹራንሱ?



በሚመጣው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከምንመክርባቸው ጉዳዮች አንዱ የጣራ ጉዳይ መሆኑን በዚሁ ሰሌዳ ላይ ባለፈው ወር ማስታወቃችን ይታወሳል። ማስታወቂያው ከተለጠፈበት ቀን ጀምሮ በየቡና ጠጡው፣ በየእድር ድንኳኑ፣ በታክሲ ሰልፍም ጭምር ሁለት ዓይነት ሐሳብ ሲነገር እየሰማን ነው። አንደኛው ወገን «ማኅበሩ ያጠራቀመው ገንዘብ የደከሙ ጣራዎችን ለማጠናከር ይዋል» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ሚስማር መምታት የት ያደርሰናል፣ ሁላችንም በአንድነት ኢንሹራንስ እንግባና ነፋስ የወሰደውን ኩባንያው ይክፈል» ይላል። ሁለቱም ወገን የተናገረው ለሠፈሩ ደኅንነት አስቦ ነው። ኮሚቴው ግን ጉዳዩን መርምሮ አቋም ይዟል፤ አቋማችንም ጣራው ይቅደም፣ ኢንሹራንሱ ይከተል የሚል ነው። ምክንያታችንን ከዚህ በታች እንዘረዝራለን፤ የማይስማማ ሰው በስብሰባው ላይ ተነሥቶ ይሞግተን።

የክፍለ ከተማችን ስም ራሱ በነፋስ ይጀምራል። እርግጥ ነው፣ ነፋስ ስልክ የተባለው ለነፋሱ ሳይሆን ሽቦ ለሌለው ስልክ ነው፤ የዱሮ ሰዎች በአየር ላይ የሚሄደውን መልእክት እንዲህ ብለው ሰየሙት። ቢሆንም በሚያዝያ ከሰዓት በኋላ በፉሪ ተራራ በኩል ሰማዩ ሲጠቁር ስሙ ለእኛ ቆርቆሮ የወጣ ይመስላል።

አንድ ነገር ልብ እንበል። የአዲስ አበባ ዝናብ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ጣራ የሚነሣው ግን ብዙውን ጊዜ በሐምሌ ጭጋግ ውስጥ አይደለም። የሐምሌ ዝናብ ቀስ ብሎ ግድግዳ ያበሰብሳል፣ ጭቃውን ያራግፋል፤ የእሱ ጠባይ ሌላ ነው። ጣራ ነቃዩ በበልግ፣ እንዲሁም ክረምቱ ሲገባና ሲወጣ፣ ቀኑ በፀሐይ ሲግል ውሎ ድንገት የሚከመረው ደመና ነው። ያ ደመና በረዶውን ከማውረዱ በፊት ከሆዱ ቀዝቃዛ አየር ወደ መሬት ይለቃል፤ አየሩም መሬቱን መትቶ ወደ ጎን ይበተናል። አቧራው ተነሥቶ፣ የተሰጣው ልብስ ተበትኖ፣ ቆርቆሮው የሚንቀጫቀጨው በዚያች አሥር ወይም ሃያ ደቂቃ ውስጥ ነው። ስለዚህ «ክረምት ሲቃረብ እናየዋለን» የሚለው አባባል ለጣራ አይሠራም። ክረምት ሲቃረብ ነገሩ አልፎ ይሆናል።

ባለፈው ዓመት በበልግ ከሠፈራችን ቤቶች አንዱ ጣራው ግማሽ በግማሽ ተነሥቶ ጎረቤት ግቢ ማረፉን ሁላችንም አይተናል። የቤቱ እመቤት ልጆቻቸውን የሚያስተምሩት ከዋናው ቤት ጋር የተያያዙትን ሁለት ክፍሎች አከራይተው ነበር። ተከራዮቹ በማግስቱ ወጡ፤ ኪራዩም ቀረ። ፍራሹ፣ ቴሌቪዥኑ፣ የልጆቹ ደብተር ሁሉ ረጠበ። በረረ የተባለው ቆርቆሮ የኤሌክትሪክ መስመር ላይ ወድቆ መንደሩ መብራት አጥቶ አመሸ። ሰው አለመጎዳቱን እግዚአብሔር ይመስገነው እንላለን እንጂ ከሠፈሩ ልጆች ግማሾቹ በዚያ ሰዓት ከትምህርት ቤት እየተመለሱ ነበር።

ከኮሚቴው አባላት ሁለቱ ከአንድ አናጢ ጋር ሆነው የወደቀውን ጣራ በማግስቱ አገላብጠው ተመልክተውታል። ቆርቆሮው አልተቀደደም። ሚስማሮቹም አልተሰበሩም። ሚስማሮቹ ከነቆርቆሮው ወጥተው የመጡ ናቸው፤ የነበሩበት ሞራሌ ከረጅም ዓመት ፍሳሽ የተነሣ በስብሶ በጣት የሚፈረፈር ሆኗል። አጥር የሚዋሰነው ቤት በዚያው ዓመት፣ በዚያው ጭቃ፣ በዚያው ባሕር ዛፍ የተሠራ ነው። እሱ ግን ንቅንቅ አላለም። ልዩነቱ ምን እንደሆነ ስናጣራ የቤቱ ጌታ ከጥቂት ዓመት በፊት የዳር ሞራሌዎችን ለውጠው፣ ወራጁን ከቋሚው ጋር በወፍራም ሽቦ አሥረውት ኖሯል። ይኸው ነው ልዩነቱ። ሌላ ምንም አልነበረም።

ብዙዎቻችን ነፋስ ጣራን የሚጥለው ገፍቶ ይመስለናል። አይደለም፤ ወደ ላይ ስቦ ነው። ነፋስ በጣራ አናት ላይ በፍጥነት ሲያልፍ ከላይ ያለው ግፊት ይቀንሳል። በዚያ ላይ በር ወይም መስኮት ክፍት ከሆነ ነፋሱ ወደ ውስጥ ገብቶ ከሥር ወደ ላይ ይገፋል። ገመድ ላይ የተሰጣ አንሶላ ነፋስ ሲገባበት እንዴት እንደሚነፋ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ስቦሹ የሚበረታው ደግሞ በጣራው መካከል ሳይሆን በዳርና ዳሩ፣ በማዕዘኑና በአናቱ ላይ ነው። የነፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ኃይሉ በሁለት ሳይሆን በአራት እጥፍ ያድጋል። «ባለፈው ጊዜ ችሎታል፣ አሁንም ይችላል» የሚሉ ሰዎች ይህቺን አራት እጥፍ ቢያስቡባት ጥሩ ነው።

እንግዲህ ጣራ ማለት ሰንሰለት ነው። ቆርቆሮው በሚስማር ሞራሌውን ይዟል፤ ሞራሌው ወራጁን፣ ወራጁ በግድግዳው አናት የተጋደመውን እንጨት፣ ያ እንጨት ቋሚውን፣ ቋሚው መሬቱን ይይዛል። ከእነዚህ አንዱ ከላላ የቀረው ቢጠነክር ዋጋ የለውም። በእኛ ሠፈር ጭቃ ቤቶች ብዙውን ጊዜ የሚላላው ወራጁ ከግድግዳው አናት ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው። አንድ ወይም ሁለት ሚስማር አግድም ተመትቶ፣ የቀረውን «ክብደቱ ይይዘዋል» ተብሎ ይተዋል። ቆርቆሮ ግን ክብደት የለውም። የሣር ክዳን በነበረበት ዘመን ክዳኑ ራሱ ከባድ ነበር፤ አባቶቻችን ክብደቱ ይይዘዋል ያሉት ለሣር ክዳን ይሆናል።

ስለ ድንጋይ እንነጋገር፤ ብዙ ሰው ስለሚቀየመን እያመነታን ነው የምናነሣው። ከከፍታ ላይ ሆኖ ሠፈራችንን የሚመለከት ሰው በየጣራው ድንጋይ፣ ያረጀ ጎማና አሸዋ የተሞላ ማዳበሪያ ያያል። ቆርቆሮ እንዳይነሣ የተጫነ ነው። ትንሽ ነፋስን ይከላከላል፣ አንክድም። ነገር ግን ትልቁ ነፋስ ሲመጣ ቆርቆሮው ከነድንጋዩ ይነሣል፤ ያን ጊዜ ድንጋዩ የሚወድቀው ሰው ላይ ነው። በዚያ ላይ በድንጋዩ ሥር ውሃ እየቋጠረ ቆርቆሮውን ያዝገዋል፤ ዝገቱ ቀዳዳ ይሆናል፤ ቀዳዳው ሞራሌ ያበሰብሳል፤ የበሰበሰ ሞራሌ ሚስማር አይዝም። እንግዲህ ድንጋዩ ጣራውን ያዘው ወይስ ለነፋስ አሳልፎ ሰጠው? በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ እዚህ ድረስ በተሰማን ሌሊት ከአልጋችን ተነሥተን ኮርኒሱን ስንመለከት የነበረው ለምን ነበር? ከላያችን ያለውን ስለምናውቅ አይደል?

ጣራ ማጠናከር ሲባል አዲስ ጣራ መሥራት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። የኮሚቴው ሐሳብ እሱ አይደለም። የዳርና የማዕዘን ሚስማሮችን ነቅሎ ጎማ ባለው፣ እግሩ ጠምዛዛ በሆነ የቆርቆሮ ሚስማር መለወጥ፤ ሚስማሩንም በቆርቆሮው ጉብታ ላይ እንጂ ውሃ በሚወርድበት ሸለቆው ላይ አለመምታት፤ በዳር በኩል ሚስማሮቹን ማቀራረብ፤ የበሰበሰውን ሞራሌ መርጦ መለወጥ፤ ወራጁን ከግድግዳው አናትና ከቋሚው ጋር በወፍራም ሽቦ ወይም በቀጭን ፌሮ ጠምዝዞ ማሠር። ከግድግዳው አልፎ በጣም የወጣ የጣራ ጫፍ ካለ ነፋስ እንደ ጃንጥላ ስለሚይዘው ማሳጠር፣ ወይም ከሥሩ በእንጨት መደገፍ። የዲሽ ብረት ቆርቆሮው ላይ የተሰካ ካለ ወደ ግድግዳ ማዛወር። ከሞራሌው በቀር የዚህ ሁሉ ዕቃ በአንድ ዘንቢል ይያዛል። ዋጋውን እዚህ ያልጻፍነው በየወሩ ስለሚለዋወጥና ነገ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ይዞ ሱቅ ሄዶ የሚጣላ እንዳይኖር ነው።

አዲስ ቆርቆሮ የግድ የሚያስፈልገው ሰው ግን አንድ ነገር ይወቅ። ነጋዴው «ባለ 35 ነው» ሲለው ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ የተሻለ የሚመስለው አለ። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ቁጥሩ በጨመረ መጠን ቆርቆሮው ይሳሳል፤ ባለ 28 ወፍራም ነው፣ ባለ 30 እና ባለ 32 በመካከል ናቸው፣ ባለ 35 ስሱ ነው። ስስ ቆርቆሮ ላይ ጥሩ ሚስማር ቢመታ ሚስማሩ እንጨቱን እንደያዘ ይቀራል፣ ቆርቆሮው ግን በሚስማሩ ዙሪያ ተቀድዶ ይሄዳል። አቅም ካልፈቀደ ወፍራሙን ለዳርና ለማዕዘን፣ ስሱን ለመካከል ማድረግ ይቻላል። ይህን የነገሩን አናጢው ናቸው፤ አመሰግናለሁ ሊባሉ ይገባል።

አሁን ወደ ኢንሹራንሱ እንምጣ።

ኢንሹራንስ ሲባል አብዛኞቻችን ትዝ የሚለን መኪና ነው። መኪና ያለው ሰው የሦስተኛ ወገን መድን እንዲገባ ሕግ ስለሚያስገድደው ነው እንጂ ቤትንም፣ ዕቃንም፣ እህልንም መድን ማስገባት ይቻላል። በአገራችን የግል የመድን ኩባንያዎች በ1967 ዓ.ም. ተወርሰው በ1968 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ተቋቋመ፤ እስከ 1986 ዓ.ም. ድረስም ሥራውን ይዞ የቆየው እሱ ብቻ ነበር። በ1986 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የግል ኩባንያዎች እንደገና ተፈቀዱ፤ ዛሬ የሚመርጥ ሰው ብዙ በር አለው። ትንሽ ሰውም አይገባበትም የሚለው እውነት አይደለም። በ2001 ዓ.ም. ትግራይ ውስጥ ዝናብ ሲቀር ለገበሬ ካሣ የሚከፍል የመድን ሙከራ ተጀምሯል፤ ገንዘብ የሌለው ገበሬ አረቦኑን በጉልበት ሥራ እንዲከፍል ተደርጎ ነበር። እንግዲህ ለገበሬ ከታሰበ ለጭቃ ቤት ነዋሪም ሊታሰብ ይችላል ማለት ነው።

የመድን መሠረቱ ደግሞ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? እድርም ይኸው ነው። ሁሉም ትንሽ ትንሽ ያዋጣል፣ አደጋ የደረሰበት ያነሣል። ስለዚህ ኮሚቴው ኢንሹራንስን የሚቃወም አድርጋችሁ አትዩት። እኛ የምንለው ውሉ የሚከፍለውንና የማይከፍለውን አውቀን እንግባ ነው።

አንደኛ፣ የቤት መድን መነሻው ብዙውን ጊዜ የእሳትና የመብረቅ ዋስትና ነው። ማዕበል፣ ጎርፍ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ የሚባሉት በተጨማሪነት፣ በተጨማሪ ክፍያ የሚገቡ ናቸው። «ኢንሹራንስ አለኝ» የሚል ሰው ውሉን አውጥቶ ነፋስ የሚለው ቃል ውስጡ መኖሩን ይመልከት። ከሌለ ነፋሱ ሲመጣ ያለው ወረቀት ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ መድን የሚከፍለው ለድንገተኛ አደጋ ነው። ከርጅና፣ ከዝገት፣ ከመበስበስ፣ ከጥገና ጉድለት የመጣ ጉዳት አይከፈልም። ከላይ የተናገርነውን ጣራ አስታውሱ። ገማቹ መጥቶ ያንን በጣት የሚፈረፈር ሞራሌ ቢያይ ምን ብሎ የሚጽፍ ይመስላችኋል? ቢከፈል እንኳ የእርጅና ተቀናሽ ይደረጋል። የሃያ ዓመት ቆርቆሮ የበረረበት ሰው የአዲስ ቆርቆሮ ዋጋ ይሰጠኛል ብሎ ከጠበቀ ያዝናል። በተጨማሪም ከእያንዳንዱ ጉዳት ላይ የመጀመሪያውን ድርሻ ባለቤቱ ከኪሱ የሚሸፍነው ተቀናሽ የሚባል አለ። ጥቂት ቆርቆሮ የተነሣበት ሰው ጉዳቱ በሙሉ ከተቀናሹ በታች ሊሆንና አንድ ሳንቲም ላያገኝ ይችላል። በእኛ ሠፈር የሚደርሰው ጉዳት ደግሞ አብዛኛው እንዲህ ያለ ነው፤ እዚህ ሦስት ቆርቆሮ፣ እዚያ አንድ ማዕዘን።

ሦስተኛው ነገር ብዙ ሰው የሚጎዳበት ስለሆነ ረጋ ብለን እናስረዳው። ቤት መድን ሲገባ ዋጋው ይጻፋል። አረቦኑ እንዲቀንስ ብሎ ዋጋውን ዝቅ አድርጎ የሚያስጽፍ አለ። ለምሳሌ ቤቱን ዛሬ እንደገና ለመሥራት 2,000,000 ብር ይፈጃል እንበል። ባለቤቱ 1,000,000 ብር ብሎ አስገብቶታል። ነፋስ የ300,000 ብር ጉዳት አደረሰ። ባለቤቱ «ከአንድ ሚሊዮን በታች ስለሆነ ሦስት መቶውን ሺህ ይሰጡኛል» ይላል። አይሰጡትም። የቤቱን ግማሽ ብቻ መድን ስላስገባ የጉዳቱንም ግማሽ፣ ማለትም 150,000 ብር፣ ከዚያም ላይ ተቀናሹ ተነሥቶለት ነው የሚያገኘው። ይህ ማጭበርበር አይደለም፤ የመድን ደንቡ ነው፣ በሌላውም ዓለም የሚሠራበት ነው።

ዋጋውን ማንም ሳያጭበረብር ዝቅ ብሎ የሚገኝበትም ጊዜ አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ሃምሳ ሰባት ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከመቶ ብር በላይ መሆኑ ይታወቃል። የቆርቆሮው ጥቅል ብረት ከውጭ የሚመጣ ነው፤ ሚስማሩም፣ ፌሮውም እንዲሁ። ከዚያ ቀን በፊት የተጻፈ የቤት ዋጋ ዛሬ ያንን ቤት አይሠራም። በሠፈራችን በባንክ ብድር ቤት ሠርተው ባንኩ ባዘዛቸው መሠረት መድን የገቡ አንድ ነዋሪ በዚሁ ምክንያት ካሰቡት በጣም ያነሰ ካሣ ተቀብለዋል። አረቦኑን በየዓመቱ ሳያጓድሉ ከፍለው ነበር። የጎደለው ዋጋውን ማሳደሱ ብቻ ነው።

የመድን ደጋፊ ወገኖች የሚያነሡት አንድ ጠንካራ ነጥብ አለ፤ ማለፍ አንፈልግም። ሚስማርና ሽቦ እሳትን አይመልሱም ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ቤቶቻችን ተጠጋግተው የተሠሩ ናቸው፤ ማዕድ ቤቱ ከመኝታው ጋር ተያይዟል፤ የመብራቱ ገመድ ከአንዱ ቆጣሪ ወደ ሦስት ቤት ይሄዳል። እሳት ከተነሣ ጉዳቱ ሦስት ቆርቆሮ ሳይሆን ጠቅላላ ቤት ነው፤ ያንን ደግሞ ከእኛ መካከል ከኪሱ የሚተካ ብዙ ሰው የለም። መድን የተፈጠረው ለእንዲህ ያለው ነው። ስለዚህ ማኅበሩ ወደፊት በአንድነት መድን ሲገባ ዋናው ዓላማ የእሳቱ ዋስትና መሆን አለበት፤ ነፋሱ በተጨማሪነት ይግባ። ነፋስን ግን በእጃችን ልንከላከለው ስለምንችል ለኩባንያ ሰጥተነው እጃችንን አጣጥፈን የምንቀመጥበት ምክንያት የለም።

አሜሪካ ውስጥ አላባማ በሚባለው ክፍለ ግዛት ከባሕር የሚነሣ ብርቱ ማዕበል በየጊዜው ይመታቸዋል። እዚያም እንደ እኛ ክርክር ነበረባቸው፤ አረቦኑ እየናረ ሰው መክፈል አቃተው። ያገኙት መላ ሁለቱን ማገናኘት ነው። ጣራውን በተወሰነ ደንብ መሠረት ላጠናከረ፣ መርማሪ መጥቶ ላረጋገጠለት ሰው የመድን ኩባንያዎች ከነፋሱ አረቦን ላይ እንዲቀንሱ በሕግ ተደነገገ። ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ለጣራ ማጠናከሪያ እስከ 10,000 ዶላር የሚደርስ እርዳታ ይሰጣል፤ ገንዘቡም ከኩባንያዎቹ የሚሰበሰብ ነው። ኩባንያዎቹ ጽድቅ ፈልገው አይደለም፤ ያልበረረ ጣራ ካሣ ስለማይጠይቅ ነው። የደንቡ ዋና ዋና ነገሮችም ሲታዩ አናጢያችን ከነገሩን ብዙ አይርቁም፤ የማይነቀል ሚስማር፣ የጠነከረ ዳር፣ ውሃ የማያስገባ ክዳን። ምስክር ወረቀቱም ለዘላለም አይደለም፣ በየአምስት ዓመቱ ይታደሳል። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ሕግ የለም። ይሁንና ጣራቸውን ያሠሩ አርባና ሃምሳ ቤቶች በአንድነት ሄደው «እኛ ይህን ሠርተናል፣ መጥታችሁ እዩና ስንት ትቀንሱልናላችሁ?» ብለው ቢጠይቁ ማን ይከለክላቸዋል? የተበላሸ ጣራ ይዞ ግን እንዲህ ብሎ መጠየቅ አይቻልም። ጣራው ይቅደም ያልንበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

የቀበሌ ቤት ተከራዮች ደግሞ የራሳቸው ችግር አለባቸው። እነዚህ ቤቶች በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ የመንግሥት የሆኑ ናቸው፤ ቤቱ የተከራዩ ስላልሆነ ቤቱን በራሱ ስም መድን ላስገባ ቢል አይቀናውም። የራሱን ዕቃ ግን ማስገባት ይችላል። ለጥገናም ቢሆን ከወረዳው ቤቶች ጽሕፈት ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል። ማኅበሩ ለሁሉም በአንድ ደብዳቤ ሊጠይቅላቸው አስቧል፤ አንድ በአንድ መመላለሱ ጫማ መጨረስ ነው። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ያላችሁ አባሎቻችንም ጣራው የሕንፃው ነዋሪዎች ሁሉ የጋራ ንብረት መሆኑን አትርሱ፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለው ሰው ሲፈስበት ብቻውን እንዲያለቅስ መተው ደግ አይደለም።

«ሠፈሩ ለልማት ሊነሣ ይችላል፣ ለሚፈርስ ቤት ገንዘብ ለምን እናወጣለን?» የሚል ጥያቄም ደጋግሞ መጥቶልናል። የኮሪደር ልማቱ ከተጀመረበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ይህን የማያስብ ሰው የለም፤ እኛም እናስባለን። መልሳችን እንዲህ ነው። ቤቱ በሙሉ አዲስ ጣራ ይሠራ ብንል ኖሮ ጥያቄው ይጥለን ነበር። ሚስማርና ሽቦ ግን ለአንድ በልግ ብቻ እንኳ ቢያገለግሉ ዋጋቸውን መልሰዋል፤ ቆርቆሮና ሞራሌም ቢነሡ ተነቅለው ሌላ ቦታ ይገባሉ። የከፈሉት አረቦን ግን ዓመቱ ካለቀ አይመለስም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው እንዲህ ላለው ጊዜ ነው።

ስለዚህ ኮሚቴው ለጠቅላላ ስብሰባው የሚያቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። ከማኅበሩ ገንዘብ ላይ ሚስማር፣ ሽቦና ሞራሌ በጅምላ ይገዛ። ያለው ሰው የወሰደበትን ዋጋ ቀስ በቀስ ይመልስ፤ የተመለሰው ገንዘብ ለሚቀጥለው ቤት ይሙላ። አቅም የሌላቸው አረጋውያንና ብቻቸውን ልጅ የሚያሳድጉ እናቶች በነፃ ይሠራላቸው፤ የአናጢውን አበል ማኅበሩ ይቻል፣ ረዳት ሆነው የሠፈሩ ወጣቶች ይውጡ። ተራው የሚያዘው በዝምድናና በጩኸት ሳይሆን በጣራው ሁኔታ ነው፤ በሜዳው ጫፍና በወንዙ ዳር ያሉት ቤቶች ነፋሱን ፊት ለፊት ስለሚቀበሉ ከእነሱ ይጀመር። ያንዱ ቆርቆሮ በረረ ማለት የሌላው መስኮት ተሰበረ ማለት ስለሆነ «የእኔ ጣራ ደኅና ነው፣ ለምን አዋጣለሁ?» የሚል ሰው ደግሞ ከነፋሱ በኩል ያለው ጎረቤቱ ማን እንደሆነ ይመልከት። ከተሠሩት ቤቶች ዝርዝር ጋር ከክረምት በኋላ ሦስት ሰዎች ተመርጠው ወደ መድን ኩባንያዎች ይላኩ፤ ቢያንስ ከሦስት ኩባንያ ዋጋና የውሉን ቃል ይዘው ይምጡ፤ ያን ጊዜ እንደገና እንሰበሰባለን።

የጣራ ምልከታው ከፋሲካ በፊት ባሉት ሁለት ቅዳሜዎች ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ይካሄዳል። በዚያን ቀን እቤት የሚቆይ ሰው ይኑር፤ ኮርኒስ ያላችሁ አንድ ማዕዘኑን ከፍታችሁ ጠብቁ፣ ወራጁን ሳያይ አናጢው ምንም ሊል አይችልም። ማንም ሰው በራሱ ጣራ ላይ እንዳይወጣ፣ በተለይ የመብራት ገመድ በሚያልፍበት በኩል። ድንጋዩን ግን ከዛሬ ጀምሮ ብታወርዱት አንከለክልም፤ የሚያወርድ ጉልበት የሌለው ቤት ለጸሐፊው ያመልክት፣ ልጆች እንልካለን። የመድን ውል ያላችሁ ቅጂውን ይዛችሁ ኑ፤ ዋጋው መቼ እንደተጻፈና ነፋስ የሚለው ቃል ውስጡ መኖር አለመኖሩን አብረን እናነባለን።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት